የደሴ መስመር ለምን ተንሸራተተ

ስልኩ የተደወለው ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነው። የደሴ ቅርንጫፍ ሒሳብ ሠራተኛዋ ናት። የወሩን የወጪ ፋይል በስህተት አጥፍታዋለች። ድምጿ ላይ ግን ጭንቀት የለም። «አብሽር ወንድሜ፣ የትናንቱን ቅጂ ብትልክልኝ ይበቃኛል» አለችኝ። እኔም ተረጋግቼ ሰርቨሩን ከፈትኩ። የትናንቱ የለም። የከትናንት ወዲያውም የለም። የመጨረሻው የደሴ ባክአፕ 12 ቀን ሆኖታል።

የሚያናድደው ሪፖርቱ አልዋሸም። በየሌሊቱ የሚወጣው ሠንጠረዥ ላይ ደሴ ፊት ለፊት ⚠️ ተቀምጧል፤ ከጎኑም 12 የሚል ቁጥር አለ። እኔም አብሮኝ የሚሠራው ልጅም ግን ሠንጠረዡን ማየት ትተን ነበር። «ማንቂያ አለን» ብለን ተኝተናል። ማንቂያው ደግሞ 12ን 1 ብሎ አነበበው።

12 እንዴት 1 እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መነሻው ያቺ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ናት።

ሥራውን ባጭሩ ላስረዳ። ድርጅቱ ስድስት ቅርንጫፍ አለው፤ ስሙ ይቅር። የኮምፒውተር ክፍል የምንባለው እኔና አንድ ልጅ ነን። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የየቅርንጫፉ ፋይል አዲስ አበባ ወዳለው ሰርቨር ይገለበጣል። ከዚያ እኔ የጻፍኳት ትንሽ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) ትነሳና ማን እንደላከ፣ ስንት ጊጋ እንደላከ፣ የመጨረሻው ቅጂ ስንት ቀን እንደሆነው ታያለች። ውጤቱን በሠንጠረዥ ትጽፋለች። ጠዋት ቡናዬን ይዤ በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት እከፍተዋለሁ። እከፍተው ነበር ማለት ይሻላል።

የመጀመሪያዋ ስክሪፕት ባሽ በሚባለው የተርሚናል ትእዛዝ ቋንቋ የተጻፈች ነበረች። የከተሞቹን ስም በላቲን ፊደል ነበር የጻፍኩት። ዓምዶቹ ቀጥ ያሉ ነበሩ። አንድ ቀን አለቃችን ከጀርባዬ ቆሞ አየና «የአገራችንን ከተማ በፈረንጅ ፊደል የምትጽፈው ለማን ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ስሞቹን በአማርኛ ቀየርኳቸው። በማግስቱ ሠንጠረዡ እንዲህ ሆኖ ጠበቀኝ። ክፍት ቦታው እንዲታይ በነጥብ ተክቼዋለሁ፦

ደሴ······|
አዳማ···|
ጎንደር|
ባሕር ዳር|

ልብ ብላችሁ እዩት። ስሙ ባጠረ ቁጥር መስመሩ ወደ ቀኝ ይሸሻል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ግን ነገሩ ገባኝ። ባሽን «ለስሙ 12 ቦታ ስጠው፣ የጎደለውን በክፍት ቦታ ሙላ» ብዬዋለሁ። ባሽ ግን የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት፣ ማለትም ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚያስቀምጥበትን ትንሽ መለኪያ ነው። አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ነው። የእኛ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ነው። ደሴ 2 ፊደል፣ 6 ባይት፤ ስለዚህ 6 ክፍት ቦታ ተጨመረላት። አዳማ 9 ባይት፤ 3 ተጨመረላት። ጎንደር ልክ 12 ሆነች፤ ምንም አላገኘችም። ባሕር ዳር ከመሐል ካለው ክፍት ቦታ ጋር 16 ባይት ነው፤ ከተመደበለት አልፎ ሄደ።

ይህ አሠራር ዩቲኤፍ 8 ይባላል። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ቁጭ ብለው፣ ሳህን ሥር በሚነጠፍ ወረቀት ላይ ነው የነደፉት። የድሮው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሳይነካ እንዲቀጥል ላቲኑን በአንድ ባይት ተዉት፤ ሌላው ዓለም ከሁለት ባይት ጀምሮ ተሰለፈ። ቅር አይለኝም። ከዚያ በፊት በአንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ሦስት ባይት አይበዛበትም።

ስክሪፕቷን ፓይተን ወደሚባል ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ አዛወርኳት። ፓይተን ባይት ሳይሆን የዩኒኮድ ቁጥር ይቆጥራል። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት አንድ መለያ ቁጥር ይሰጣል። እዚህ ላይ አማርኛ ዕድለኛ ነው። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ላይ ሲገባ ደ፣ ዱ፣ ዲ፣ ዳ ሁሉም የየራሳቸውን ቁጥር አገኙ። ሂንዲ ላይ አናባቢው ለብቻው ቁጥር አለውና ዓይን አንድ ያየውን ኮምፒውተሩ ሁለትና ሦስት ይቆጥረዋል። እኛ ጋ አንድ ፊደል አንድ ቁጥር ነው፤ ተርሚናሉም አንድ ካሬ ይሰጠዋል። ሠንጠረዡ ቀና አለ። እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ቀለም ይወዳል። «ቃል ማን ያነባል? ምልክት እናድርግበት» አለ። ደህና ለሆነው ✅፣ ከአንድ ቀን በላይ ለቆየው ⚠️፣ ጨርሶ ላልተገኘው ❌። ለሁኔታው ዓምድ 4 ቦታ ሰጠነው። ለጥቂት ቀን ሁሉም ✅ ስለነበር ዓምዱ ያምር ነበር። አንድ ጠዋት ግን የደሴ ⚠️ ሆነ። ያ መስመር ብቻ ወደ ግራ ተንሸራቶ፣ ጊጋውና ቀኑ ከላይና ከታች ካሉት ጋር አልገጥም አሉ።

ተርሚናል ሲታይ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ነው። 80 ካሬ ወደ ጎን፣ 24 ወደ ታች። ይህ ልኬት በ1978 ከወጣው ቪቲ 100 ከሚባለው መሣሪያ ጋር ተለመደ፤ ዛሬ የምንጠቀምባቸው ተርሚናሎች አሁንም እሱን መስለው ነው የሚሠሩት። 80ው እንኳ ከዚያ ይቀድማል፤ አይቢኤም በ1928 ያወጣው የሚበሳ ካርድ 80 ዓምድ ነበረው። ደንቡ ቀላል ነው፤ አንድ ምልክት፣ አንድ ካሬ። የቻይናና የጃፓን ፊደል አንድ ካሬ ስለሚጠበው ሁለት ይሰጠዋል። የትኛው አንድ፣ የትኛው ሁለት እንደሆነ የሚናገር ሰንጠረዥ ዩኒኮድ አለው። በ2016 የወጣው ዩኒኮድ 9 ደግሞ በተፈጥሯቸው ባለቀለም የሆኑትን ኢሞጂዎች ሁለት ካሬ ከሚወስዱት ጋር ደመራቸው።

✅ እና ❌ ዩኒኮድ የገቡት በ2010፣ ከኢሞጂዎቹ ጋር ነው። ስለዚህ ሁለት ካሬ። ⚠ ግን የእነሱ እኩያ አይደለችም። እሷ የገባችው በ2003 ነው፤ ያኔ ጥቁርና ነጭ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነበረች። ስለዚህ አንድ ካሬ። በኋላ ኢሞጂ ሲመጣ እሷም ቀለም እንድትለብስ ተፈለገ። የተገኘው ዘዴ ከኋላዋ የማይታይ ሌላ ምልክት መለጠፍ ነው። ያ የማይታየው «የቀደመኝን በቀለም አሳዩት» ይላል።

ፓይተን ላይ ከፍቼ ቁጥራቸውን ጠየቅኩ። ✅ አንድ ቁጥር መለሰልኝ፦ 9989። ❌ አንድ፦ 10060። ⚠️ ሁለት፦ 9888 እና 65039። ዓይኔ አንድ ያያል፣ ፓይተን ሁለት ይቆጥራል። ያ 65039 ነው የማይታየው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ፓይተን 4 ቦታ ሲሞላ ለ✅ ሦስት ክፍት ቦታ ይጨምራል፤ ስክሪን ላይ 2 እና 3፣ አምስት ካሬ። ለ⚠️ ሁለት ክፍት ቦታ ብቻ ይጨምራል፤ ምክንያቱም ሁለት ቁጥር ቆጥሯል። ስክሪን ላይ ምልክቷ አንድ ካሬ ከያዘች ድምሩ ሦስት ነው፤ ሁለት ከያዘች አራት። በቁጥር ትንሹ በስክሪን ሰፋ፤ በቁጥር ትልቁ ጠበበ። የደሴ መስመር በአንዱ ተርሚናል አንድ ካሬ፣ በሌላው ሁለት ካሬ ወደ ግራ የሸሸው ለዚህ ነው።

እኔም ያኔ የሁሉም ሰው መድኃኒት የሆነውን አደረግኩ። ለፓይተን የስክሪን ስፋት የሚቆጥር ዝግጁ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት ኮድ) አለ። አዲሱን ቅጂ ጫንኩ። ያ ላይብረሪ የማይታየውን ምልክት ያውቃል፤ ⚠️ን ሁለት ካሬ ብሎ ይቆጥራል። በቁጥር መሙላቱን ትቼ በካሬ ሞላሁ። ላፕቶፔ ላይ ቀጥ አለ። ደስ ብሎኝ ወደ ሌላ ሥራ ዞርኩ።

በሳምንቱ ልጁ ማንቂያውን ጻፈ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ከሁለት ቀን በላይ የቆየ ባክአፕ ካለ በቴሌግራም መልእክት ይላክ። ችግሩ ቀኑን ያነበበው ከዚያው ለዓይን ከተሠራ ሠንጠረዥ ነው። «ቀኑ ከዚህኛው ቁጥር እስከዚያኛው ቁጥር ያለው ነው» ብሎ መስመሩን በቦታ ቆረጠው። ቦታውን የለካው በዚያን ቀን ከነበረው ሪፖርት ነው። በዚያን ቀን ሁሉም ✅ ነበር።

እኔ በካሬ ስሞላ ✅ አንድ ቁጥርና ሁለት ክፍት ቦታ፣ በድምሩ ሦስት ሆኗል። ⚠️ ሁለት ቁጥርና ሁለት ክፍት ቦታ፣ አራት። ስክሪን ላይ እኩል ናቸው። ፋይሉ ውስጥ ግን የ⚠️ መስመር በአንድ ቦታ ይረዝማል። ስለዚህ በ⚠️ መስመር ላይ መቀሱ አንድ ቦታ ቀድሞ ያርፋል። ቀኑ « 3» ሲሆን ሁለት ክፍት ቦታ ብቻ ይቆርጣል። ልጁ ደግሞ «ባዶ ከሆነ ዜሮ በለው» የሚል መስመር ጨምሯል። እስከ 9ኛው ቀን ድረስ ዜሮ። ከ10ኛው ቀን ጀምሮ የመጀመሪያው አኃዝ ብቻ መቀሱ ውስጥ ገባ። 10ም 1፣ 11ም 1፣ 12ም 1።

መስመሩ የሚሳሳተው ⚠️ ሲኖር ብቻ ነው። ማንቂያው የሚያስፈልገው ደግሞ ⚠️ ሲኖር ነው። ከዚህ የባሰ ሆን ብለህ ብትሞክር አይገጥምልህም።

ልጁን ልቆጣው አሰብኩና ተውኩት። ሠንጠረዡን ያሳመርኩት እኔ ነኝ። ማሳመሬ የፋይሉን ውስጥ እንደሚያዛባ አልነገርኩትም፤ ለራሴም አልታየኝም።

ከስልኩ በኋላ ሌላ ጥያቄ ገባኝ። እውነት ⚠️ ስንት ካሬ ናት? ላይብረሪው ሁለት አለ። ልጁ ግን «እኔ ጋ እኮ አሁንም ትንሽ ዘንበል ያለ ነው» ይለኝ ነበር፤ ሰምቼ አልሰማሁም። ለካ መጠየቅ ይቻላል። ተርሚናል «ጠቋሚው የት ነው ያለው?» የሚል የተሰወረ ትእዛዝ ሲላክለት ረድፉንና ዓምዱን በቁጥር ይመልሳል። ምልክቱን ማተም፣ ቦታውን መጠየቅ፣ መቀነስ። አሥር መስመር ኮድ ነው።

እኔ ኪቲ የሚባለውን ተርሚናል እጠቀማለሁ፤ ልጁ ግኖም ተርሚናልን። ✅ ሁለቱም ጋ 2። ❌ ሁለቱም ጋ 2። ⚠️ እኔ ጋ 2፣ እሱ ጋ 1። እሱ ጋ ምልክቷ ባለቀለም ሆና ትሳልና የሚቀጥለው ካሬ ላይ ትጋፋለች፤ ጠቋሚው ግን አንድ ካሬ ብቻ ነው የተራመደው። የአባት፣ የእናትና የልጅ ኢሞጂውንም 👨‍👩‍👧 ሞከርኩት። እሱ አምስት ቁጥርና 18 ባይት ነው፤ ሦስት ሰው በሁለት የማይታይ ማያያዣ። ልጁ ጋ አልተያያዙም፤ ሦስቱ ጎን ለጎን ቆመው 6 ካሬ ያዙ።

የግኖም ተርሚናል ጥፋት ነው አልልም። ተርሚናል የሚደርሰውን በተራ ነው የሚያስተናግደው። 9888 ሲደርስ አንድ ካሬ ሰጥቶ ጠቋሚውን አራመደ። ቀጥሎ 65039 መጥቶ «ያለፈውን አስፋው» ይለዋል። እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ወንበር ይቀየርለት እንደማለት ነው። አንዳንዱ ይቀይራል፣ አንዳንዱ አይቀይርም። ፕሮግራሙ ለብቻው ይቆጥራል፣ ተርሚናሉ ለብቻው ይቆጥራል፤ በመሐላቸው አስቀድመው «እኔ ይህን ያህል እቆጥራለሁ፣ አንተስ?» የሚባባሉበት የተለመደ መንገድ የለም። ሞድ 2027 የሚባል ስምምነት ቀርቦ አንዳንድ አዳዲስ ተርሚናሎች ተቀብለውታል። የእኛዎቹ ላይ ግን የምተማመንበት አልነበረም።

ልጁ «እንግዲያው ⚠️ን ትተን 🟡 እናድርግ» አለ። አስተሳሰቡ ልክ ነው። ቢጫው ክብ በተፈጥሮው ባለቀለም ነው፤ አንድ ቁጥር፣ ሁለት ካሬ፣ ከኋላው የሚከተል የማይታይ ነገር የለም። ለካሁት፤ ሁለታችንም ጋ 2። ተስማማን። ከዚያ ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ ሪፖርቱን ሌስ በሚባለው ፋይል ማንበቢያ ከፈትኩት። ቢጫ ክብ የለም። በእሱ ቦታ በማዕዘን ቅንፍ የታጠረ፣ ጀርባው የተገለበጠ፣ የምልክቱ ቁጥር ቁጭ ብሏል። ዘጠኝ ካሬ ይዞ።

ሰርቨሩ የሚሠራው ኡቡንቱ 18.04 በሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። በ2018 የወጣ። ቢጫው ክብ ዩኒኮድ የገባው በ2019 ነው። ሌስ ደግሞ የራሱን የፊደል ዝርዝር ይዞ ነው የሚዞረው፤ እዚያ ዝርዝር ላይ የሌለውን «አላውቀውም» ብሎ በቁጥር ያሳያል። ሰርቨሩን ማደስ ነበረብን፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። ለሪፖርት ውበት ብሎ ግን ሰርቨር የሚያድስ የለም።

በዚህ መሐል አለቃችን ሪፖርቱን በራሱ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ልይ አለ። በድሮው ጥቁር መስኮት ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆነበት። ያ መስኮት በያዘው ፎንት ውስጥ የሌለ ፊደል ሲመጣ ከሌላ ፎንት መበደር አያውቅም። አዲሱን ዊንዶውስ ተርሚናል ጫንኩለት፤ ፊደሉ መጣ። ልጁ ግን ሪፖርቱ አናት ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ 🇪🇹 አስቀምጦ ነበር። ባንዲራ ዩኒኮድ ውስጥ የሁለት ልዩ ፊደላት ጥንድ ነው፤ የእኛው የላቲኑ ኢ እና ቲ። የዊንዶውስ የኢሞጂ ፎንት ደግሞ የአገር ባንዲራ የለውም። አለቃችን «ይሄ ኢቲ ምንድን ነው? ኢትዮ ቴሌኮም ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ባንዲራው በዚያው ቀን ወረደ።

መጨረሻ ላይ ያደረግነው ነገር ለማውራት እንኳ አያኮራም። ለማሽን የሚሆነውን ለብቻ ጻፍነው፤ በታብ የተለየ ፋይል፣ ኢሞጂ የሌለበት። ማንቂያው የሚያነበው እሱን ብቻ ነው። ባዶ ሲያገኝ ዜሮ ማለቱን ትቶ እንዲጮህ አደረግነው። ለሰው የሚሆነው ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ ኢሞጂውን ከመሐል አንስተን የመስመሩ መጨረሻ ላይ ወረወርነው። ከእሱ በኋላ ምንም የለም። አንድ ካሬ ይሁን ሁለት፣ ዘጠኝም ይሁን፣ የሚገፋው ዓምድ የለም። ከፊቱ ቃሉን ጻፍነው፦ ደህና፣ ዘግይቷል፣ የለም። ልጁ ⚠️ን መለሳት። አልተቃወምኩም።

አሁን መስመሯ ይህን ትመስላለች፦

ደሴ | 4.1 | 1 | ደህና ✅

የደሴዋ ልጅ የ12 ቀኑን ደረሰኝ ከካርቶን አውጥታ እንደገና መዘገበችው። ሁለት ቅዳሜ ወሰደባት። «አብሽር» አላለችኝም። ባክአፑ የቆመበት ምክንያትም ኋላ ተገኘ፤ የቅርንጫፉ የኢንተርኔት ሳጥን ተቀይሮ አዲሱን አድራሻ የነገረን አልነበረም። አንድ ስልክ፣ አምስት ደቂቃ።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። በቅርቡ ሰባተኛ ቅርንጫፍ ጭሮ ላይ ተከፍቷል። ዩኒኮድ የእኛን ፊደል ሰፊ ስለማይለው ተርሚናሎች አንድ ካሬ ነው የሚሰጡት፤ ለጭም አንድ፣ ለሮም አንድ። እኔ የምጠቀምበት ደጃቩ ሳንስ ሞኖ ፎንት ውስጥ አማርኛ የለም። ስለዚህ ተርሚናሉ ከኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይበደራል። ያ ፎንት ደግሞ ለመጽሐፍና ለድረ ገጽ የተሳለ ነው፤ ጭ በእሱ ላይ ሰፊ ነው፣ ካሬው ጠባብ። ዓምዱ ቀጥ ይላል፤ ፊደሉ ግን ይታመቃል። ልጁ ጋ የጭ ጫፍ ሮ ላይ ይደርባል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ፣ ያለ ግራፊክስ በሚሠራው ጥቁር ስክሪን የሚያገለግል ጎሃ የሚባል የአማርኛ ፎንት አለ። ሰርቨሩ ክፍል ገብቼ ሞከርኩት፤ ጭም ሮም በየካሬያቸው ተቀምጠዋል። እዚያ ደግሞ ✅ አይታይም።